የላዳ ታክሲ ሞዴል ከቁርጥራጭ ዕቃ እንዴት ይሠራል?

ፋብሪካ ያመረታትን የላዳ ሞዴል ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ የታሰረባትን፣ ፓራፋንጎዋን ስቱኮ ደጋግሞ የጎበኘውን፣ ዳሽቦርዷ ላይ ፀጉራም ጨርቅ የተነጠፈላትን ሰማያዊና ነጭ የአዲስ አበባ ላዳ የሚያመርት ፋብሪካ ግን አይጠብቁ። ራስዎ ይሥሯት። ዕቃው አብዛኛው ቤትዎ ውስጥ ወድቆ ይገኛል፤ የጎደለው ከሶማሌ ተራና ከመርካቶ ይሞላል። ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የዕቃው ውድነት ሳይሆን አንድ ቁጥር ነው፤ 24። የእውነተኛዋ መኪና እያንዳንዱ አካል ለ24 ተካፍሎ ይሠራል። ለዓይን ደስ ስላለ ብቻ የሚወፍር ስፖኪዮ ወይም የሚሰፋ ጎማ የለም።

መለካት

ላዳ 2101 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶልያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተመረተች፣ መሠረቷ ፊያት 124 የሆነ መኪና ናት። ርዝመቷ 4,073፣ ወርዷ 1,611፣ ቁመቷ 1,440 ሚሊሜትር ነው። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2,424 ሚሊሜትር ይርቃል። ለ24 ሲካፈሉ በቅደም ተከተል ወደ 170፣ 67፣ 60 እና 101 ሚሊሜትር ይመጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ማክበር ከቻሉ 101ን ያክብሩ፤ የላዳ መልክ ያለው እዚያ ነው። ሌላም ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በኋላ ሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ከፊቱ ይጠባል፤ በሞዴሉ ላይ ልዩነቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ለቅርጹ ፎቶ ያስፈልጋል። ላዳዎች ከከተማው እየሳሱ ቢሄዱም ቆማ የምትጠብቅ አንዲት አትጠፋም፤ ሹፌሩን አስፈቅደው ያንሷት። ስልክዎን አስጠግተው ካነሱ አፍንጫዋ ያብጥና ጭራዋ ይሰልላል። ስለዚህ አሥር ሜትር ያህል ርቀው፣ ስልኩን በበሩ እጀታ ከፍታ ይዘውና አጉልተው ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ያንሱ። ፎቶውን በልኩ አሳንሰው አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ያሳትሙ። ማተሚያው ምስሉን ከገጹ ጋር ለማመጣጠን ሳይጠይቅዎ ስለሚያሳንሰው፣ ከሱቁ ሳይወጡ በማስመሪያ ለክተው 101 ሚሊሜትር መሆኑን ያረጋግጡ።

አካሉ

ሲም ካርድ ተፈንቅሎ ሲወጣ የሚቀረውን ፕላስቲክ አይጣሉ። ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ነገር በነፃ አይገኝም። ያረጀ የባንክ ካርድም ያው ነው። መሣሪያው የሰላ መቁረጫ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ትንሽ ሞረድ እና 240፣ 400 እና 800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ነው። በሣጥን ተደርድረው የሚሸጡትን ባለ ሃምሳ ዓይነት መሣሪያዎች ይተዉአቸው። መቀስም አይንኩ፤ የፕላስቲኩን ጠርዝ ያጣምመዋል። በመቁረጫው ሁለት ሦስት ጊዜ ጭረው መቀንጠስ ይበቃል።

ወለሉን፣ መሐል ላይ የሚቆሙትን ጎድኖች፣ ጎኖቹን፣ ኮፈኑን ከታተመው ሥዕል ላይ እየገለበጡ ቆርጠው ያጣብቁ። ሱፐር ግሉ ሁሉም ሰው ያወድሰዋል፤ እኔ ግን ብቻውን አላምነውም፣ ሲወድቅ ይላቀቃል። ከውስጥ በኩል በየማዕዘኑ ትንንሽ ድጋፍ ይለጥፉለት። ክፍተት ካለ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ሱፐር ግሉ ጠብ ያድርጉበት፤ ወዲያው ይደነድናል። ደንድኖ ሳያድር ይሞርዱት እንጂ ነገ እሺ አይልም።

ጣሪያው በመጠኑ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ካርዱ በሙቀት ይለመጣል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፒቪሲ የተባለው የካርድ ዓይነት በዚህ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ኤቢኤስ የተባለው ግን ንቅንቅ አይልም። ካርዱ የፈላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ካልለሰለሰ ዕድልዎን አይርገሙ፣ ሌላ ካርድ ይሞክሩ። የለሰለሰውን ሰፊ ማሰሮ ጎን ላይ በጨርቅ ጠፍረው ቀዝቃዛ ውኃ ያፍስሱበት።

የጎማ መቀመጫዎቹን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ሞርደው ያሳሱ። 0.76 ሚሊሜትር በ24 ሲባዛ 18 ሚሊሜትር ይሆናል፤ እንዲህ የወፈረ ላሜራ ያለው ታንክ እንጂ ታክሲ አይደለም።

ጎማና ቸርኬ

ሞዴልን የሚያጋልጠው ጎማ ነው። የአካሉን ጥቂት ጉድለት ቀለም ይሸፍነዋል፤ አራት የማይመሳሰሉ ቸርኬዎችን የሚሸፍን ግን ምንም የለም። በእጅ አራት አንድ ዓይነት ቸርኬ ማውጣት ስለማይቻል አንዱ ብቻ በጥንቃቄ ይሠራል፤ ሌሎቹ በቅርጽ ማውጫ ይባዛሉ።

ለመጀመሪያው ቸርኬ 16 ሚሊሜትር ጎን ያላቸው ስምንት የካርድ ቁራጮች ደራርበው ያጣብቁ፤ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ይመጣል። መሐሉን በስተው 3 ሚሊሜትር ቡሎን አሳልፈው በዳዶ ያጥብቁ። ቡሎኑን ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ላይ ሲያስሩት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ቶርኖ አገኙ ማለት ነው። መነጽር አድርገው፣ በዝግታ እያሽከረከሩ፣ በሞረድ ወደ 14 ሚሊሜትር ያውርዱት፤ የእውነተኛዋ ቸርኬ 13 ኢንች ስለሆነ ልኩ ይኸው ነው። ፍጥነት ከጨመሩ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ይድቦለቦላል። ፊቱን ጎድጎድ አድርገው፣ በዙሪያው ያሉትን ቀዳዳዎች በጋለ መርፌ ያመልክቱ።

ቅርጽ ማውጫው የሚሠራው መስኮት ከሚታሸግበት ሲሊኮን ነው። አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ይግዙ፤ የማይሸተው ዓይነት ለዚህ አይሆንም። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየሳበ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ ወፍራም እንክብል ላዩ ደርቆ ውስጡ ለቀናት ጭቃ ሆኖ ይቀራል። መላው የበቆሎ ስታርች ነው። ሁለት እጅ ሲሊኮን ከአንድ እጅ ስታርች ጋር ሲታሽ እርጥበቱ በሙሉ አካሉ ይዳረሳል፤ ከሃያ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም መያዝ ይጀምራል። ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

ችኮላ የማይወደው ቦታ እዚህ ላይ ነው። ሊጡን አድቦልቡለው በአንዴ ቸርኬው ላይ ከጫኑት አየር ይታሰርና የወጡት ቸርኬዎች ሁሉ ፈንጣጣ የመታቸው ይመስላሉ። ቸርኬውን በስሱ ቫዝሊን ይቀቡ። ከሊጡ ጥቂት ቆንጥረው በጣትዎ ጫፍ በየጎድጓዳው እያሹ ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀሪውን የሚደርቡት። መሐል ያለው የቡሎን ቀዳዳም ይሞላ፤ ያ ቀዳዳ ውስጥ የቆመው የሲሊኮን ዘንግ ለአራቱም ቸርኬዎች መሐላቸውን ያበጅላቸዋል፣ በኋላ በግምት ከመብሳት ያድናል። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ለማየት አይላጡት።

ማውጫው ውስጥ የሚገባው የጋራዥ ስቱኮ ነው፤ ሶማሌ ተራ ከማድረቂያው ጋር ይሸጣል። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ገደማ ማድረቂያ ይበቃል። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማብዛት የተለመደ ነው፤ ውጤቱ እንደ ብስኩት የሚሰበር ቸርኬ ነው። በእንጨት ጫፍ እየጠቀጠቁ ሞልተው ላዩን በካርድ ይጥረጉት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማውጫውን ወደ ኋላ ሲያጥፉት ራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል።

ለጎማው ብዙ ሰው ኦሪንግ የተባለውን የጎማ ቀለበት ይመክራል። ኦሪንግ ግን ድብልብል ስለሆነ ጎማዋ የተነፋች ከመነሪ ትመስላለች። እኔ የምመርጠው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው፤ የውስጡ ስፋት 14፣ የውጩ 24 ሚሊሜትር የሚጠጋ። ቸርኬውን ይዘው ሄደው እዚያው ይለኩ። ቱቦው ውስጥ ክብ እንጨት አስገብተው፣ ስለቱን በሳሙና ውኃ እያራሱና ቱቦውን እያዞሩ በ6.5 ሚሊሜትር ስፋት ይቁረጡ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ለዘብ ያድርጉት።

ቀለም

ስፕሬይ ቀለም ከእርጎ ኩባያ የተቆረጠን ነገር ያሟሟዋል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ካለበት አስቀድመው ቁራጩ ላይ ይሞክሩ። በክረምት ዝናብ እየጣለ አይርጩ፤ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ያርፍና ወተት የፈሰሰበት ያስመስለዋል። እንዲደርቅ ብለው ፀሐይ ላይ ማስጣትም ጣሪያውን ያጣምመዋል።

መጀመሪያ ነጩ ይረጫል፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቆ፣ በስሱ፣ ደጋግሞ። ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ክፍል በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። የፕላስተሩ ጠርዝ ከጥቅሉ ሲወጣ አቧራ የያዘ ነው፤ መስታወት ላይ ለጥፈው አዲስ ጠርዝ ይቁረጡለት። ሰማያዊውን ከመርጨትዎ በፊት በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ እንደገና ነጭ ይርጩ፤ ሾልኮ የሚገባው ነጩ ይሆንና ስንጥቁን ይደፍነዋል፣ ሰማያዊው መግቢያ ያጣል። ሰማያዊው ከእውነተኛው ትንሽ ፈካ ይበል፤ ቀለም በትንሽ ነገር ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው።

መስታወትና ቀሪው

ያረጀ የራጅ ፊልም በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ይለቅና ሰማያዊ ጥላ ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀራል። ለመስታወት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። በሱፐር ግሉ ፈጽሞ አይለጥፉት፤ ትነቱ መስታወቱን ያጉመዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ይጠቀሙ፤ ሲደርቅ አይታይም።

የፊት መብራት ከክብ ኪኒን ማሸጊያ ይሠራል፤ 7 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለውን ጎድጓዳ መርጠው ከኋላው አሉሚኒየም ፎይል ይለጥፉ። ፓራውልቱም የፎይል ልብስ ይለብሳል። ፖርቶመጋላው ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ከሚወጣው መዳብ ይበየዳል። የቸርኬው እምብርት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፒን ራስ ነው። ፍሬቻውን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ነጥብ አድርጎ መቀባት ይበቃል።

ለአቧራው ጠመኔና ከሰል ፍቀው ቀላቅለው በደረቅ ብሩሽ ከጎማዎቹ ኋላና ከበሮቹ ሥር ብቻ ያሹ። ጣሪያው ላይ አያብዙ፤ ባለታክሲ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ሲያጥብ የማያልፈው ጣሪያውንና ኮፈኑን ነው። ሰሌዳው ኮድ 1 እና ቀይ ጽሑፍ ይሁን፤ ቁጥሩን ግን ከራስዎ ያውጡ እንጂ ፎቶ ያነሱትን ታክሲ ቁጥር አይቅዱ።