የአዲስ ቤት መታጠቢያ ክፍል ሻጋታና እድፍ፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሔው

ደሴ ላይ ቤቱ ተልስኖ፣ ተቀብቶ፣ ቁልፍ ከተረከቡ ገና አንድ ክረምት ሳያልፍ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ይላል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢውን ነው። ቀለም ቀቢው ግን የመጨረሻው ባለሙያ ነው። ሻጋታ እርጥበት ካላገኘ አያድግም፤ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የተቀባ ቀለም በሚቀጥለው ክረምት አብጦና ተልጦ ይገኛል።

እድፉ ምንድን ነው?

ጥጥ በረኪና ነክረው ጥቁሩን ነጠብጣብ ይንኩት። በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ከፈዘዘ ሻጋታ ነው። ካልፈዘዘ ጥላሸት ወይም ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፤ ከሰል ወይም የጭስ እንጨት በሚነድበት ቤት ጥላሸቱ ቀዝቃዛ ማዕዘን ላይ እየተለጠፈ ቁርጥ ሻጋታ ይመስላል። ነጭ ዱቄት ከሆነ ውኃ ይርጩበት፤ ሟሙቶ ከጠፋና ግድግዳው ሲደርቅ ከተመለሰ ከሲሚንቶው የወጣ ጨው ነው።

ቀጥሎ የላስቲክ ሙከራ ይሥሩ። ግድግዳውን ወልውለው ያድርቁ። ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጹሕ ላስቲክ አስደግፈው አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በሰፊ ቴፕ ያሽጉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተውት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከያዘ እርጥበቱ የሚወጣው ከግድግዳው ነው፦ ልስኑ አልደረቀም፣ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ወይም ከውጭ ካለው አፈር ውኃ ይሰርጋል። በፊት ለፊት፣ በክፍሉ በኩል ከያዘ ጥፋቱ የእንፋሎት ነው። ሴራሚክ አስነቅሎ ቧንቧ ከማስፈተሽ በፊት ይህች የላስቲክ ቁራጭ መለጠፍ አለባት።

ጥቁር ነጠብጣብ ኮርኒሱና የላይኛው ማዕዘን ላይ

ይህ በብዛት ጤዛ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ ቀኑን ሙሉ እንደቀዘቀዘ ይውላል፤ የሞቀው ሻወር እንፋሎት ሲያርፍበት ውኃ ይሆናል። በጣም የሚቀዘቅዘው ሁለት የውጭ ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት ማዕዘን ስለሆነ ነጠብጣቡም ከዚያ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ስለምትወርድ ትሞቃለች፤ እዚያ ይህ ምልክት ከታየ አየር የማይወጣበትን ክፍልና ቧንቧን አስቀድሞ መጠርጠር ይሻላል።

ለማጽዳት 250 ሚሊ ሊትር በረኪና በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጡ። የእጅ ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። ሻጋታውን በደረቁ አይቦርሹት፤ ዘሩ እየቦነነ ሌላ ጥግ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ አርጥበው ይፈግፍጉ፣ ያጥቡት፣ ከዚያ በረኪናውን ቀብተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ፤ አጥበው ያድርቁ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሽንት የቆየበት መቀመጫ ላይም በረኪና ከመድፋት በፊት በውኃ ይታጠብ።

በረኪናው ሴራሚክ ላይ ጥሩ ይሠራል። ስቱኮ (ከቀለም በፊት ግድግዳ የሚለሰልስበት ስስ ልባጥ) ላይ ግን ላዩን ያነጣና ሥሩን ይተወዋል። ሁለት ጊዜ ጸድቶ ከተመለሰ ስቱኮውን በጥፍር ይጫኑት። ከለሰለሰ በጂፕሰም የተሠራ ነው፤ ጂፕሰም ደግሞ ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም፣ ውኃ ጠጥቶ ይቦካል። እስከ ሲሚንቶ ልስኑ ድረስ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ በነጭ ሲሚንቶ የተሠራ ስቱኮ ይመለስበት። የቺፑድ ኮርኒስ ካበጠም ማጽዳቱ ከንቱ ድካም ነው፤ በፒቪሲ ኮርኒስ ይቀየር።

እንፋሎቱ ካልወጣ ግን ሁሉም ይመለሳል። ከሻወር በኋላ መስኮቱ ቢያንስ 30 ደቂቃ ክፍት ይሁን፣ ወደ ሳሎን የሚያስገባው በር ይዘጋ። በሩ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከሌለ አየር ከታች ስለማይገባ ከላይም አይወጣም። ፋን የሚገጠም ከሆነ 2 በ2.5 ሜትር ለሆነ ክፍል በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር የሚያወጣ ይበቃል። ቱቦው ወደ ውጭ መውጣቱን ግን በዓይን ይዩ፤ ከኮርኒሱ በላይ ተተፍቶ የቀረ ፋን ጣሪያውን ያበሰብሳል እንጂ ቤቱን አያደርቅም። በቀን 5 ጊዜ ውዱእ የሚደረግበት ቤት ወለሉ የሚደርቅበት ጊዜ ስለማያገኝ፣ ባለ ጎማ መወልወያ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ የመጨረሻው ሰው ውኃውን ጠርጎ ቢወጣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለማድረቅ ብሎ ከሰል አንድዶ በር መዝጋት ግን ሰው ይገድላል።

ግድግዳው ከታች ረጥቦ፣ ጨው አውጥቶ፣ ቀለሙ ሲላጥ

ደሴ ላይ ይህን ሲያዩ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጓሮ ይሂዱ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ብዙው ቤት ዳገቱን ቆርጦ ነው የሚገባው፤ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ከኋላ፣ አፈሩን ተደግፎ ይሠራል። ክረምት ሲገባ፣ በበልግም ቢሆን ዝናቡ ከበረታ፣ ከዳገቱ የሚሰርገው ውኃ ግድግዳውን ይገፋል። ከዝናብ በኋላ ብሶ በጥቅምትና በኅዳር የሚሽር እርጥበት ከውጭ ነው፤ በጋ ከክረምት የማይለይ ከሆነ ቧንቧ ነው።

መፍትሔው ከውጭ ነው። ከግድግዳው ጋር ትይዩ ቦይ ይቆፈር፤ ጥልቀቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፣ ከመሠረቱ ግርጌ በታች ግን አይለፍ። ሥሩ ጠጠር ተነጥፎ የተበሳሳ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይዘርጋ፤ በላዩ ጠጠር ይሙላ፣ አፈር ገብቶ እንዳይደፍነው በጨርቅ ይሸፈን። ከመሙላቱ በፊት ግድግዳው በውጭ በኩል ተልስኖ ውኃ መከላከያ ሁለት እጅ ይቀባ። አሸንዳው የሚያወርደው ውኃም ከግድግዳው ሥር እንዳይደፋ ይራቅ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት፤ ቢያጥቡት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። (የሻጋታው ተቃራኒ መሆኑን ልብ ይሏል።) ከውስጥ ብቻ ሴራሚክ መለጠፍ ወይም ዘይት ቀለም መቀባት እርጥበቱን ከፍ አድርጎ ወደ አጠገቡ ክፍል ይልከዋል።

ቧንቧ ከተጠረጠረ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቆጣሪ ከመፈተን በሮቶው መፈተን ይቀላል። ማታ ሁሉም ሲተኛ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቫልቭ ይዝጉ። ቀጥ ያለ ደረቅ ዘንግ እስከ ወለሉ ሰድደው የረጠበበት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ይድገሙት። ስፋቱ 1 ሜትር በሆነ ሮቶ የ1 ሳንቲ ሜትር ቅናሽ ወደ 8 ሊትር ነው። መቀመጫው ላይ ያለው የውኃ ታንክ በዝምታ እያፈሰሰ እንዳይሆን የእሱም ቫልቭ ይዘጋ።

ኮርኒስ ላይ ቡናማ ቀለበት

ውኃ ከላይ ወርዷል። ዝናብ ሲጥል የሚሰፋ ከሆነ ቆርቆሮው ወይም አሸንዳው ነው። ፎቅ ቤት ከሆነ የላይኛውን መታጠቢያ ቤት ወለል ይፈትኑ፦ መውረጃውን በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቅ ወትፈው 3 ሳንቲ ሜትር ውኃ ሞልተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ወርዶ ከታች ካረጠበ የውኃ መከላከያው አልተቀባም ወይም ተበስቷል። ይህ ሙከራ መደረግ ያለበት ሴራሚኩ ሳይነጠፍ፣ ለኮንትራክተሩ የመጨረሻው ክፍያ ሳይከፈል ነው።

የጠቆረ ሲልከንና ፉጋ

መገጣጠሚያ የሚያሽገው ሲልከን ውስጥ የገባ ሻጋታ አይለቅም። በካተር ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ይነሣ፤ አዲስ ሲልከን በአሮጌው ላይ አይዝም። ቦታው በበረኪና ውኃ ታጥቦ 24 ሰዓት ይድረቅ፣ ከዚያ ፀረ ሻጋታ የመታጠቢያ ቤት ሲልከን ይሞላ፣ ሌላ 24 ሰዓት ውኃ አይንካው። በሴራሚኮቹ መሃል የተሞላውን ፉጋ በበረኪናው ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ አቼቶ ሲሚንቶውን እየበላ ያሻክረዋል፣ የሻከረ ፉጋ ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል።

ዝገትና ነጭ ጭጋግ

የዝገት መስመር ላይ በረኪና አይድፉ፤ ብረቱን ይባስ ያዝገዋል። ሎሚና ጨው ቀብተው ከ30 ደቂቃ በኋላ ይፈግፍጉ። ከተመለሰ ልስኑ ውስጥ የቀረ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ወይም ሚስማር አለ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ተቦርብሮ ተቆርጦ፣ ጫፉ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀብቶ ይደፈን። አዲስ ሴራሚክ ላይ የቀረው ነጭ ጭጋግ የፉጋ ትራፊ ነው፦ ፉጋው 10 ቀን ከሞላው በኋላ በውኃ አርጥበው፣ 1 እጅ አቼቶ በ4 እጅ ውኃ ወልውለው ወዲያው ያጥቡ። እምነ በረድ ላይ ሎሚም አቼቶም አይነካም፣ ያበላሸዋል። ሮዝ ቀለም ያለው ሙልጭልጭ ነገር በሳሙና ትራፊ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ውኃ ይጠፋል።

ቀለም ቀቢው አሁን ይምጣ

የላስቲክ ሙከራው ሁለት ጊዜ ተደግሞ ከጀርባው ደረቅ ከሆነና ልስኑ ቢያንስ 4 ሳምንት ከሞላው ይቀባ፤ በክረምት የተለሰነ ግን ከዚያም በላይ ይጠብቅ። አመቺው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው። ዘይት ቀለም እርጥበት ስለሚያፍን ይቅር፤ በውኃ የሚበጠበጥ ፀረ ሻጋታ ቀለም ሁለት እጅ ይቀባ፣ ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያው በጣት ሲነካ ሳይሆን አድሮ ሲደርቅ ይሁን።