የአኳሪየም ተክል እየቀለጠ ነው? መጀመሪያ ጨው ፈልጉ

የአኳሪየሙን፣ ማለትም የዓሣ ገንዳውን መብራት፣ ማጣሪያውንና የውሃውን ሙቀት አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ተክሉ ባለፈው ሳምንት ተገዝቶ አሮጌ ቅጠሉን እያራገፈ ከሆነ ተዉት፣ አዲሱን ውሃ እየለመደ ነው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ጨው ሲበዛ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ይሆናል። ቀጥሎ እንደ ላስቲክ ብርሃን ያሳልፋል፤ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ከገንዳ ተክሎች ቅጠለ ቀጭኑ ካቦምባ ቀድሞ ይበታተናል፣ ቅጠለ ጠንካራው ጃቫ ፈርን ብዙ ይታገሳል። ካቦምባው አልቆ ጃቫ ፈርኑ ደህና ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጨው ነው።

የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ብትቆዩ ሳህኑ ውሃ ይቋጥራል። ተክሉም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ጨዋማው ውሃ የቅጠሉን ውሃ መጦ ያወጣዋል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ደግሞ ተክሉ የሚፈልገውን ፖታሲየም ይሻማል። ይህን ያላወቀ ሰው ማዳበሪያ ያፈስበታል።

ጨው ከየት መጣ? ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ከባለቤቱ እጅ። አንድ ጋሼ ቤት ሄድኩ፤ 100 ሊትር ገንዳ ነው።

«ጋሼ፣ ጨው ጨምረውበታል እንዴ?»
«ኧረ ምን ጨው! የዓሣ መድኃኒት ብቻ ነው።»
«እስቲ ያምጡት።»

ምንም ያልተጻፈበት ፌስታል መጣ። ምላሴ ላይ አደረግኩት፤ ጨው! ሻጩ ዓሣው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሲወጣ በሳምንት አንድ የሾርባ ማንኪያ ብሏቸዋል። መቼ እንደሚቆም ግን አልነገራቸውም። አንድ ማንኪያ ወደ 18 ግራም ነው፤ በ4 ወር 300 ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ውሃ ቀይረው አያውቁም፣ በጎደለ ቁጥር ይሞላሉ እንጂ። ጨው ደግሞ አይተንም! ውሃው ይሄዳል፣ እሱ ይቀራል።

መስታወቱ ላይ የውሃው ልክ ጋ ነጭ ቅርፊት ካለ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ቶሎ ከሟሟ ጨው ነው። ካልለቀቀ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ የገንዳውን ከቧንቧው ጋር አወዳድሩ። ርካሾቹ ሜትሮች ይዋሻሉ፤ መጀመሪያ በታሸገ ውሃ ፈትኑት፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ መለያው ላይ አለ።

መፍትሄው ውሃ መቀየር ብቻ ነው። በየሁለት ቀኑ 30 በመቶ ቅዱና ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ ሙሉ። በሊትር 3 ግራም የነበረው ከአራት ዙር በኋላ ወደ 0.7 ይወርዳል። በአንድ ቀን ሙሉውን እንዳትቀይሩ! ዓሣው ይደነግጣል። ከሰልም ስፖንጅም ጨው አያወጣም። ውሃ አፍልቶ መመለስማ ጨርሶ አይታሰብ፣ ጭራሽ ጨዉን ያጠነክረዋል። የታመመ ዓሣ በጨው የሚታከመው ለብቻው፣ አየር በሚገባበት ባልዲ ነው። ለብቻው አልኩ!

የቀለጠ ቅጠል አይመለስም፣ ቁረጡት። ሥሩን ጫን አድርጉት፤ ጠንካራ ከሆነ ያቆጠቁጣል፣ ከላላና ከሸተተ ይጣል። ማዳበሪያም ራሱ ጨው ነውና አዲስ ቅጠል እስኪወጣ እጃችሁን ሰብስቡ።