የውጭ አገር ዘጋቢ መሆን ለምታስቡ

መጀመሪያ አንድ አገር ምረጡና እሱ ላይ ሙጭጭ በሉ። መንገድ ላይ ሰው አስቁማችሁ ለማውራት እስክትበቁ ድረስ ቋንቋውን ተማሩ። ስለዚያ አገር የዜና ወኪሎቹ ሮይተርስ፣ ኤኤፍፒና አሶሺየትድ ፕሬስ የሠሩትን አንድ ዜና በየቀኑ ጎን ለጎን አንብቡ። ማን በምን ጀመረ? ምንጩ ማን ነው? የትኛው ዝርዝር ቀረ? እጥር ምጥን ያለ አጻጻፍ የሚለመደው እንዲህ ነው።

ግጭት ወዳለበት ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ለጋዜጠኞች የሚሰጠውን የአደጋ ቀጣና ደህንነትና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ውሰዱ። የሚፈስ ደም ማስቆም ሳትችሉ በፍጹም እንዳትሄዱ! እዚያ እያስተረጎመና ሰው እያገናኘ የሚያግዛችሁ የአገሩ ሰው፣ ፊክሰሩም አደራ። እናንተ ስትመለሱ እሱ እዚያው ይቀራል፤ ስሙን ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁት።