በካሊፎርኒያ ተንቀሳቃሽ ኖታሪ ሆኖ ሥራ ለመጀመር

አገር ቤት ውክልና የሚሰጥ ሰው ውልና ማስረጃ ሄዶ ይሰለፋል። አሜሪካ ግን መታወቂያ አይቶ ፊርማ የሚያረጋግጠው ኖታሪ ከስቴቱ ፈቃድ ያገኘ ግለሰብ ነው። ማህተሙን ይዞ ደንበኛው ያለበት ድረስ የሚሄደው ተንቀሳቃሽ ኖታሪ ይባላል። ደንቡ በየስቴቱ ስለሚለያይ እዚህ የምጽፈው ስለ ካሊፎርኒያ ብቻ ነው።

ዕድሜዎ 18 ከሞላና የስቴቱ ሕጋዊ ነዋሪ ከሆኑ ማመልከት ይችላሉ። ዜግነት አይጠየቅም። መጀመሪያ የ6 ሰዓት ኮርስ ይውሰዱ፤ ኦንላይንም ይሰጣል። ቀጥሎ ፈተና አለ። ፈተናውና ማመልከቻው በድምሩ 40 ዶላር ነው፤ ማለፊያው 70። ስቴቱ በነጻ የሚያወጣውን የኖታሪ መመሪያ ደጋግመው ያንብቡ። ካለፉ በኋላ በላይቭ ስካን (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) አሻራ ይሰጣሉ። ጥፋተኛ የተባሉበት ነገር ካለ ማመልከቻው ላይ ይጻፉት፤ መደበቁ ራሱ ሊያስከለክል ይችላል።

ፈቃዱ ለ4 ዓመት ያገለግላል። ግን ከሚጀምርበት ቀን አንስቶ በ30 ቀን ውስጥ ካውንቲ ክላርክ (የካውንቲው መዝገብ ቢሮ) ዘንድ ቃለ መሐላ ፈጽመው የ15,000 ዶላር ቦንድ፣ ማለትም የዋስትና ሰነድ፣ ማስገባት አለብዎት። ቀኑ ካለፈ ፈቃዱ ዋጋ ያጣል። ቦንዱን ሙሉውን አይከፍሉም፤ ዋስ ለሚሆነው ድርጅት አነስተኛ ክፍያ ብቻ ይሰጣሉ። ቦንዱ የሚጠብቀው ደንበኛውን ነው። ስለዚህ ለራስዎ የሥራ ስህተት ኢንሹራንስ እንዲገቡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚያ ማህተምና መዝገብ ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ሥራ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ ለውክልናና ለቤት ወይም ለመሬት ሰነዶች የፈራሚው የአውራ ጣት አሻራም ያስፈልጋል።

ገቢውስ? ለአንድ ፊርማ ከ15 ዶላር በላይ ማስከፈል አይቻልም። የመንገዱን ግን ከደንበኛው ጋር ተስማምተው ለብቻ ያስከፍላሉ፤ ሂሳቡን ከቤት ሳይወጡ ይነጋገሩ። የቤት ብድር ወረቀት ማስፈረም የተሻለ ይከፍላል። ለዚያ ጥሩ ሌዘር ፕሪንተርና የቤት ሽያጭና ብድር ሰነዶችን ከሚያስፈጽሙ ታይትል ካምፓኒዎች ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል። ሆስፒታልና የአረጋውያን መኖሪያም ይጠሩዎታል። ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር በስልክ ይጠይቁ፦ ታማሚው ነቅቶ ይነጋገራል? መታወቂያው የት ነው? ሲደርሱም ከልጆቹ ሳይሆን ከራሱ አፍ ይስሙ። ምን እንደሚፈርም ካላወቀ ማህተሙን አያውጡ።

በካሊፎርኒያ ኖታሪው ከፈራሚው ጋር በቀጥታ መግባባት አለበት፤ በአስተርጓሚ አይቻልም። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶችና አባቶች አማርኛ የሚናገር ኖታሪ በጣም የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ሰነዱ በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም፤ የኖታሪው ማረጋገጫ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሥራዎን በአማርኛ ካስተዋወቁ ጠበቃ እንዳልሆኑና የሕግ ምክር እንደማይሰጡ፣ ዋጋዎንም ጭምር በሁለቱም ቋንቋ መግለጽ ግዴታ ነው። «የትኛውን የኢሚግሬሽን ፎርም ልሙላ?» ሲሉዎት ወደ ጠበቃ ይላኩ።

የእኛ ሰው ኖታሪ ትልቁ ፈተና ይሉኝታ ነው። «እህቴ ሥራ ላይ ናት፣ ፈርማ ልካዋለች፣ አንተ ብቻ ምታበት» ይባላል። ጠያቂው የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ወይም የዕድር አባል ይሆናል። ፈራሚው ፊትዎ ካልቀረበ አይምቱ። ያልቀረበን ሰው ቀርቧል ብሎ ማረጋገጥ ፈቃድ ያስነጥቃል፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። በዚያ ወረቀት የአንድ ሰው ቤት ሊሸጥ ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚላክ ውክልና የእርስዎ ማህተም ብቻውን አይበቃም። ደንበኛው ቀጣዩን ደረጃ አስቀድሞ ከኤምባሲው ወይም ከቆንስላው ይጠይቅ፤ ካልሆነ ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል።

የፊርማውንና የመንገዱን ገንዘብ ለየብቻ ይመዝግቡ። ሁለቱም የገቢ ግብር አለባቸው፤ በግል ሥራ ላይ ከሚጣለው ተጨማሪ ግብር ነጻ የሚሆነው ግን የፊርማው ክፍያ ብቻ ነው።