ታኬታ ስትገዙ «ያድግበታል» አትበሉ

ልጃችሁን ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ልምምድ የምትወስዱ ወላጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ታኬታ ስትገዙ «ያድግበታል» ብላችሁ ሁለት ቁጥር አትጨምሩ። እግሩ ውስጡ እየተንሸራተተ ይላጣል፣ ቁርጭምጭሚቱም በቀላሉ ይታጠፋል። የእኔው ልጅ ሲያነክስ ሳይ ነው የገባኝ፤ አሁንም ያንገበግበኛል። መግዛት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ትንሽ ያብጣል። የሚጫወትበትን ካልሲ አድርጎ፣ ቆሞ ይለካ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣታችሁ ስፋት ያህል ክፍተት ይበቃል።

ሌላም አለ፦ የማታው የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ትንንሾቹ ካሉ ቴሌቪዥኑን ዝጉት። የጦርነት ምስል እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ካዩ ደግሞ ከማስረዳታችሁ በፊት «ምን ሰማችሁ?» ብላችሁ አድምጧቸው፤ የኔዋ ትንሿ የፈራችው እኔ ካሰብኩት ፍጹም ሌላ ነገር ነበር።