ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚታሰበው ዛፍ፦ በአዳዲስ ሰፈሮች የሚደጋገሙ ስህተቶች

የአዲስ ሰፈር ዲዛይን ሲቀርብ ሥዕሉ ላይ ያለው ዛፍ ሁልጊዜ የሠላሳ ዓመት ዛፍ ነው። ሪባን ሲቆረጥ በር ላይ የሚቆመው ግን የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ችግኝ ነው፤ እሱም ሦስት ዓመት ሳይሞላው ደርቆ ይነቀላል። አብዛኛውን ጊዜ አትክልተኛው ይወቀሳል፤ ዛፉ ግን የሞተው ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነበር።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቆፍሮ «ዛፍ ተከልን» ማለት

ከሁሉም የሚያናድደው ይህ ነው። የእግረኛ መንገዱ በሮለር ተጠቅጥቆ፣ ንጣፉ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ይላክና አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይቆፍራል። ጥሩ አፈር ይሞላበታል፣ ችግኙን ያቆምበታል፣ ይሄዳል። የተከለው መሬት ላይ መስሎታል፤ የተከለው የተቀበረ የአበባ መትከያ ውስጥ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጥላ ለማግኘት ሥር ሊገባበት የሚችል ከ0.3 እስከ 0.6 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል። ቅርንጫፉ 8 ሜትር የሚዘረጋ ዛፍ ወደ 50 ካሬ ሜትር ያጠላል፤ ስለዚህ ከ15 እስከ 30 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል። አንዷ ሜትር ኩብ የምታሳድገው ከአንድ ትልቅ ጃንጥላ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣ ሁለት ነው። ወይ ሥሩ ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ዛፉ ይቀጭጫል፤ ወይ በንጣፉና በተጠቀጠቀው መሬት መሐል ያለችውን ስስ ክፍተት ተከትሎ ይሄዳል፤ አየርና እርጥበት ያለው እዚያ ብቻ ነውና። ሥሩ ሲወፍር ንጣፉን ያነሳዋል። ያኔ «ይሄ ዛፍ መንገድ ያበላሻል» ይባልና ይቆረጣል።

መፍትሔው የሚሠራው ከንጣፉ በፊት ነው። ዛፎቹ የሚቆሙበትን መስመር ሁሉ 2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ያልተቋረጠ ቦይ ቆፍሩት። በየ8 ሜትሩ አንድ ዛፍ ብትተክሉ ለእያንዳንዱ 16 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል፤ ሥራቸውም እርስ በርስ ቦታ ይዋዋሳል። የመብራት፣ የስልክና የውሃ መስመር ከቦዩ ወጥቶ በሌላው ጠርዝ ይሂድ። ከቦዩ በላይ ሰው የሚራመድ ከሆነ ንጣፉን በኮንክሪት እግሮች ላይ አሳርፉት፤ አለዚያ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን ዓይነት ድብልቅ ተጠቀሙ፦ በክብደት 80 በመቶ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማዕዘናም ጠጠር፣ 20 በመቶ ሸክላነት ያለው ለም አፈር። ጠጠሩ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ጭነቱን ይችላል፤ ሥሩ በመሐሉ ያልፋል፤ በሮለር ቢጠቀጠቅም ክፍተቱ አይዘጋም። ጥቃቅን ያልተነፋ ጠጠር ከገባበት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ደቃቁ ክፍተቱን ይሞላዋል። አብዛኛው ድንጋይ ስለሆነም መጠኑን ከንጹሕ አፈር ይልቅ አብዝታችሁ አስቡ።

ዛፉን ግራውንድ ፕላን ላይ ብቻ መሣል

ዛፍ ማለት በግራውንድ ፕላን (የምድሩን ወለል ከላይ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ ያለ አረንጓዴ ክብ ነው። ወደ ጎዳናው 1.5 ሜትር የሚወጣው በረንዳ ደግሞ የሚታየው አንደኛ ፎቅ ፕላን ላይ ነው። ሁለቱን ወረቀት ደራርቦ የሚያይ የለም። «ግንዱ ከግድግዳው 4 ሜትር ይርቃል» ተብሎ ይጸድቃል፤ ለቅርንጫፉ በተግባር የቀረለት 2.5 ሜትር ነው። ዛፉ ሲያድግ በበረንዳው በኩል ብቻ ይከረከምና ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ እንደወጣ ሰው ይሆናል። ሚዛኑም ስለሚዛባ በነፋስ ጊዜ ያሰጋል።

ርቀቱን የምትለኩት ከግድግዳው ሳይሆን በጣም ከወጣው የሕንፃው ክፍል ነው። ዛፉ አድጎ የሚኖረውን ስፋት ለሁለት ክፈሉና አንድ ሜትር ጨምሩበት። ቦታው ካልበቃ ወይ ወደ ላይ ብቻ የሚያድግ ጠባብ ዝርያ ትመርጣላችሁ፣ ወይ በረንዳው ወደ ውስጥ ይገባል። አርክቴክቱ ሁለተኛውን የሚሰማችሁ መሠረቱ ሳይቆፈር ብቻ ነው። በሴክሽኑ (ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ የ5፣ የ15 እና የ30 ዓመቱን ዛፍ ደራርባችሁ ብትሥሉ ክርክሩ ያጥራል።

ዛፉን ከሕንፃው «ስታይል» ጋር እንደ መጋረጃ ማዛመድ

ለዘመናዊ ሕንፃ ቀጭን ዛፍ፣ ለባህላዊው ክብ፣ ለሆቴል ዘንባባ። ዘንባባ ግርማ አለው፤ ጥላው ግን የራሱን እግር ከመሸፈን ብዙም አያልፍም፤ በጠራራ ፀሐይ ለሚሄድ እግረኛ ከመብራት ምሰሶ ብዙም አይሻልም።

ከስያሜው ይልቅ የሚያዋጣው የሕንፃውን ልኬት ማንበብ ነው። ዓምዶቹ በየ6 ሜትሩ በቆሙበት ፋሳድ (የሕንፃ ፊት ለፊት ገጽ) ፊት በየ8 ሜትሩ ዛፍ ስትተክሉ አንዱ ግንድ በር ላይ፣ ሌላው መስኮት ላይ፣ ሌላው ዓምድ ላይ ያርፋል። በየ6 ወይም በየ12 ሜትሩ ተክላችሁ ግንዱን ከዓምዱ ጋር አሰልፉት። ጌጥ ለበዛበት የድንጋይ ፊት ቅጠሉ ሳሳ ያለ፣ የታችኛው ቅርንጫፉ ከፍ ብሎ የሚጀምር ዛፍ ይስማማዋል። ልሙጥ ግድግዳ ጥቅጥቅ ያለውንም ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ የሚያርፍበት የቅጠል ጥላ ጌጥ ይሆንለታል። አንጸባራቂ መስተዋት ግን ዛፉን ከሁለት በኩል ፀሐይ ያስመታዋል፤ የቅጠሉ ጠርዝ ሲጠበስ በሽታ እየመሰላቸው መድኃኒት የሚረጩ አሉ።

«ዛፍ ስለሚኖር» ብሎ የፀሐይ መከላከያውን ከፋሳዱ መሰረዝም ያው የሥዕሉ ዛፍ ያመጣው ጣጣ ነው። 12 ሜትር የደረሰ ዛፍ የሚያጠላው ቢበዛ አራት ፎቅ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ነዋሪ ለራሱ ነው።

ለውበት ሲባል ሰፈሩን በአንድ ዝርያ መሙላት

የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ጎዳናዎቻቸውን በኤልም ሞሉ፤ ከግራና ከቀኝ ተገናኝቶ ጣሪያ የሚሠራ ግሩም ዛፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1930 ወዲህ በጥንዚዛ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ገብቶ አራቆታቸው። ብዙዎች በቦታው አሽ የተባለውን ዛፍ ተከሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘ ሌላ ጥንዚዛ ደግሞ አሹን ይፈጅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሞር ያቀረበው መለኪያ ዛሬም ይሠራል፦ ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ ከአንድ ወገን (ከተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ) ከ20 በመቶ፣ ከአንድ ቤተሰብ (ከተቀራራቢ ወገኖች ስብስብ) ከ30 በመቶ አይብለጥ። አርክቴክቱ ወጥነት ከፈለገ በአንድ ጎዳና ቅርጻቸውና ቁመታቸው የሚመሳሰል ዝርያዎችን አሰባጥሩ።

ባጭሩ የሚታለፉት

ግንዱ ወደ ሥር ሲሰፋ የሚታየው አንገት ከአፈር በላይ ይሁን፤ ጉድጓዱ ከሥሩ ኳስ (ችግኙ ሥሩ ላይ ይዞት ከሚመጣው የአፈር ጉብታ) አይጥለቅ፣ ስፋቱ ግን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። ከፕላስቲኩ ጋር የሚተክሉ አሁንም አሉ፤ ምን ይባላል። የመንገድ መብራት 9 ሜትር ላይ ከቅጠል በላይ ከሚሰቀል በዛፎቹ መሐል 4 ወይም 5 ሜትር ላይ ይሁን። የሱቅ ማስታወቂያ ከቅርንጫፉ በታች ቦታ ይመደብለት፤ ካልተመደበለት ዛፉ አንድ ሌሊት «በራሱ» ይደርቃል። ልስን ሳያልቅ አትትከሉ፤ የሲሚንቶ እጣቢ የአፈሩን ኖራማነት ያበዛና ጅማቱ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ዛፍ ይተውላችኋል። ደጋፊ እንጨቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ይነሳ።

በግንዱ ዙሪያ የሚደረገው የብረት ፍርግርግ ቀዳዳው ሲገጠም ሰፊ ይመስላል። ግንዱ ይወፍራል፤ ብረቱ አይሰፋም። ውስጠኛው ቀለበት እየተነሳ የሚሰፋውን ዓይነት እዘዙ፤ በስንተኛው ዓመት፣ በማን እንደሚነሳም የጥገና ሠንጠረዡ ላይ ጻፉት።