ፒላተስን ከምንጣፍ ወደ ዕለት ኑሮ ማስገባት እንዴት ይቻላል?

ብዙ ሰው ፒላተስ የሚባለውን፣ ትንፋሽንና ቀስ ያለ እንቅስቃሴን አጣምሮ ጡንቻን የሚያጠነክር ስፖርት የሚጀምረው ሆድ ለማጥፋት ነው። ሐሳባችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ፈጣን እርምጃ ወይም ሩጫ ይሻላችኋል፤ ፒላተስ የሚያቃጥለው ካሎሪ ያን ያህል አይደለም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከባድ ዕቃ ስታነሱ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስትውሉ፣ ደረጃ ስትወጡ ነው። ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላተስ ከ100 ዓመት በፊት ሲቀምረውም ዋናው ነገር እያንዳንዱን እንቅስቃሴ መቆጣጠር ነበር።

ወፈር ያለ ምንጣፍ ዘርጉ። ስስ ከሆነ አከርካሪን ይቆረቁራል። ሪፎርመር የሚባለው፣ በስፕሪንግ የሚሳብ ተንሸራታች አልጋ ያለው ማሽን ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ ግን ግድ አይደለም።

መጀመሪያ ትንፋሽ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ እግራችሁን መሬት አስረግጡ። እጃችሁን ጎድናችሁ ላይ፣ ግራና ቀኝ አድርጉ። በአፍንጫ አየር ስትስቡ ጎድናችሁ ወደ ጎን ሰፍቶ እጃችሁን ይግፋ። ቀስ ብላችሁ በአፍ ስታስወጡ፣ ሽንት እንደምትይዙ ከታች ሳብ አድርጉ። ያኔ ከእምብርት በታች ያለው ሆዳችሁ ለስለስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን የሚሠራው ወገብን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚይዝ ጥልቅ የሆድ ጡንቻ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ትንፋሻቸውን ይዘው ሆዳቸውን ባለ በሌለ ኃይል ሲያጠብቁ ነው። ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ታች ይጫናል፣ አንገትና ትከሻም ይወጠራል። ከአቅማችሁ ሲሶው ይበቃል። ሆዳችሁን እንደያዛችሁ ማውራት ካቃታችሁ በዝቷል ማለት ነው፤ ላላ አድርጉት። ወገባችሁንም መሬት ላይ አትደፍጥጡት፤ በተፈጥሮው ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንዲያው ተዉት።

ትንፋሹ ሲገባችሁ ዳሌ ማንሳት ቀጥሉ። ትንፋሽ እያስወጣችሁ ከጭራ አጥንት ጀምራችሁ የአከርካሪ አጥንቶቻችሁን አንድ በአንድ ከምንጣፉ አንሱ፣ እንዲሁ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ከ6 እስከ 8 ጊዜ በቂ ነው። ታዋቂውን «ሀንድረድ»፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ እጅን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዙ እስከ 100 የሚቆጠርበትን እንቅስቃሴ መሞከር ካማራችሁ ጭንቅላታችሁን ምንጣፍ ላይ አሳርፋችሁ ይሁን። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ 20 ደቂቃ ያህል ሥሩ።

አሁን ከምንጣፍ ተነሱ። ዕቃ ልታነሱ ስትሉ ቀረብ በሉ፣ ከዳሌና ከጉልበት እጠፉ፣ ትንፋሽ እያስወጣችሁ አንሱ። ሊያስነጥሳችሁ ሲል ከታች ሳብ አድርጋችሁ ቀድማችሁ ያዙ፤ በተለይ ስታስል ወይም ስታስነጥስ ሽንት ለሚያመልጣት ሴት ይህች ትንሽ ልማድ ትልቅ እፎይታ ናት። ወንበር ላይ ሁለቱንም እግር መሬት አስነኩ። ግን የፈለገ ቀጥ ብላችሁ ብትቀመጡ ለሰዓታት ከቆያችሁ ሰውነት ይደክማል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ።

እርምጃውንም አትተዉ። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን መታ መታ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ረጋ ያለ ፒላተስ ይህን አይተካም።

አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ወደ ፊት የሚያጎብጡ እንቅስቃሴዎችን ይተዉ፤ አከርካሪ ሊሰበር ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነችና በቅርቡ የወለደች ሴት ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ታማክር። ስትሠሩ የወገብ ሕመም ወደ እግር ከወረደ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ታዩ።